የግሌንዳ እንቁራሪት

ግሌንዳ ሳግደን ኮረብታውን ስታልፍ ዝናቡ ከጎን መጣባት። መኪናዋ ጣራ የላትም። ፓራብሬዛዋም አጭር ስለሆነ ውሃው በላዩ እየዘለለ ግንባሯን ይመታታል፤ ከግንባሯ ወደ አንገቷ፣ ከአንገቷ ወደ ጀርባዋ ይወርዳል። የሚያልፏት የጭነት መኪኖች ደግሞ የመንገዱን ጭቃ ይረጩባታል። ዕድሜዋ ስልሳ አራት ነው፤ ጉልበቷን ያማታል፤ የዝናብ ልብሷ ውሃ ማስገባት ከጀመረ ቆይቷል። ይህ ሁሉ ሆኖ ብቻዋን እየሳቀች ነበር የምትነዳው።

ብትስቅ አይፈረድባትም። ኪትሊ ከተማ ውስጥ ከቤቷ ጎን ባለችው ጠባብ ጋራዥ ስድስት ዓመት ሙሉ ቁራጭ በቁራጭ የገጣጠመቻት መኪና ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ አስፋልት ረግጣለች። ታርጋ የላትም፣ ሊብሬ የላትም። ሕጉ የሚፈቅድላት ከቤት ወደ ምርመራ ጣቢያ፣ ከጣቢያው ወደ ቤት ብቻ ነው። ቀጠሮዋ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ካለፈች እንደ ማንኛዋም መኪና በነፃነት ትሄዳለች፤ ካላለፈች ተመልሳ ጋራዥ ትገባለች። ቀጣዩ ቀጠሮ የሚገኘው ከሁለት ወር ተኩል በኋላ ነው፤ የፊታችን እሁድ ደግሞ ማንንም አይጠብቅም።

መኪናዋ በፈረንጆቹ 1959 የተሠራች፣ ኦስቲን ሂሊ የምትባል የአንዲት ትንሽ የስፖርት መኪና ግልባጭ ናት። ሁለት የፊት መብራቶቿ ኮፋኖዋ ላይ ፈጠው ስለወጡ አገሩ ሁሉ እንቁራሪት ይላታል። እውነተኛዋን የገዛው አባቷ ዊልፍሬድ ነበር። ግሌንዳ ከስምንት ዓመቷ ጀምሮ አባቷ ሞተሩ ላይ ሲያጎነብስ ባትሪ እያበራችለት፣ ካንዴላውን በአሸዋ ወረቀት እየፈተገችለት አደገች። ታላቅ ወንድሟ ሮይ ያን ጊዜ ሜዳ ላይ ኳስ ይጫወት ነበር። አባትየው ሲሞት ግን ኑዛዜው ተነበበ፤ መኪናዋ ለወንድ ልጁ፣ የእናታቸው የስፌት መኪና ለሴት ልጁ። ግሌንዳ አፏን ሞልታ አልተቃወመችም። አንድ ቀን ብቻ ልንዳት ብላ ጠየቀች፤ ሮይ ኢንሹራንሱ ባንቺ ስም አይደለም አላት። ሁለተኛ አልጠየቀችም።

ሮይ ክፉ ሰው አይደለም። መኪናዋን አሥራ ዘጠኝ ዓመት አቧራ ሳያስነካ ጠብቋታል። ችግሩ መጠበቁ ላይ ነው። ፀሐይ ያለባት እሁድ ስትገኝ ያወጣታል፣ ሳር ላይ ያቆማታል፣ በፍላኔል ይወለውላታል፣ ይመልሳታል። ካንዴላ መፍታት እንኳ አይችልም። አባቱ ከመሠረቱት ሰዎች አንዱ የነበረበት የእንቁራሪት መኪኖች ክለብ ሊቀመንበር ሲሆን ደግሞ አንድ ደንብ አጸደቀ፤ በዓመታዊው ትርዒት እውነተኞቹ መኪኖች ፊት ለፊት ሳሩ ላይ፣ ግልባጮቹ ከመጸዳጃ ቤቱ ጀርባ። የግሌንዳን መኪና "ፎቶ ኮፒ" ይላታል። የገና ዕለት ምሳ ላይ ሰው ሁሉ እየሰማ "ፎቶ ኮፒሽ መቼ ነው የምትታተመው?" ሲላት ሹካዋን አስቀመጠችና "ለክለቡ ሃምሳኛ ዓመት በገዛ ጎማዬ እመጣለሁ" አለች። ሃምሳኛው ዓመት የፊታችን እሁድ ነው። አባቷ የመሠረተው ነገር ሃምሳ ዓመት ሲሞላው እሷ እንደገና የሰው መኪና ተሳፍራ፣ ሳንድዊች አቀባይ ሆና ልትቆም አትፈልግም። ሌላው ሁሉ ወሬ ነው፤ የምትፈልገው ይህን ነበር።

መርማሪው ሚስተር ፌርክላፍ ረጅም፣ ቀጭን፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። ውሃ የሚንጠባጠብባትን ሴትዮ ከላይ እስከ ታች አያትና ፎጣ አቀበላት።

"ጣራ አልሠሩላትም እንዴ፣ ወይዘሮ ሳግደን?"

"ጣራውን ለበረዶው ወራት አስቀርቼው ነው።"

"ዛሬስ ምንድን ነው?"

"በጋ እኮ ነው፣ ሐምሌ" አለች ግሌንዳ ፊቷን እያደረቀች።

ሰውየው አልሳቀም፤ ከንፈሩ ግን ትንሽ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ በዘንግ ጫፍ ላይ የተተከለች የብረት ኳስ አወጣና መኪናዋን ዙሪያዋን ይነካካት ጀመር። ኳሷ የምትደርስበት ጠርዝ ሁሉ ክብ መሆን አለበት፤ ሰው ቢገጭ የሚቆርጠው፣ የሚወጋው ነገር እንዳይኖር። ግሌንዳ ለዚህ ሁለት ወር ሙሉ በሞረድ ስትፈትግ፣ የማይፈተገውን በጎማ ስትለብጥ ከርማለች። ስፖኪዮውን አየው፣ ዝም አለ። የመሪውን መሃል አየው፣ ዝም አለ። ዳሽቦርዱን ከታች በኩል በጣቱ ዳበሰና "ሽፋኑን ማን ነው የሰፋው?" አለ።

"እኔ ነኝ። ወንበሮቹንም። ሠላሳ አንድ ዓመት የአውቶቡስ ወንበር ሰፍቻለሁ።"

"ጥሩ እጅ ነው" አለ። ግሌንዳ ደስ አላት፤ ሁሉም ነገር እንደሚያልቅላት የተሰማት ያኔ ነበር።

ፌርክላፍ ጎማው አጠገብ ቁጢጥ አለና እዚያው ቀረ።

"እነዚህ ምንድን ናቸው?"

ግሌንዳ ጎንበስ ብላ አየች።  በእያንዳንዱ ቸርኬ መሃል ላይ ጎማውን የሚያስረው ትልቁ ዳዶ ግራና ቀኝ ሁለት የሚያብለጨልጩ ጆሮዎች ነበሩት። የድሮዎቹ መኪኖች እንዲህ ነበሩ፤ ጆሮውን በመዶሻ እየመቱ ነው የሚፈቱትም የሚያስሩትም። መኪናዋን የሚያሳምራትም እሱ ነው፤ ለምርመራ ግን ፈጽሞ አይፈቀድም። እንዲህ ዓይነት መኪና የሚሠራ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል። ስለዚህ ሁለት ዓይነት ይገዛል፤ ጆሮ የሌለውን አስቀያሚውን ለመርማሪው፣ ባለ ጆሮውን ለዓይኑ። ግሌንዳም ሁለቱንም ገዝታ ነበር። አስቀያሚዎቹን አስራም ነበር። ትናንት ከሰዓት በኋላ ግን ጎረቤቷ ለክለቡ መጽሔት ፎቶ ላንሳት ብሎ መጣ፤ እሷም እንደዚህ ሆና ለታሪክ አትቀርም ብላ፣ ለአሥር ደቂቃ ብቻ፣ ቆንጆዎቹን አሰረችላት። ከዚያ ሻይ ጠጡ። ከዚያ ረሳች።

"አስቀያሚዎቹ አሉኝ" አለች። ድምፅዋ ቀጥኖ ወጣ። "ቤት። ኪትሊ።"

"ሁሉም አላቸው" አለ ፌርክላፍ እየተነሳ። "በባለ ጆሮ ግን ላሳልፍዎት አልችልም።"

"አውቃለሁ።"

"ገና የፍሬን፣ የድምፅ፣ የፍጥነት መለኪያ ምርመራ አለብኝ። ወረቀቱን የምጽፈው ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ከዚያ በፊት አራቱ ዳዶ እዚህ ከደረሰ አየዋለሁ። ካልደረሰ እንደወደቀች እጽፋለሁ። ከዚህ በላይ ማድረግ አልችልም።"

የግሌንዳ ጋራዥ ሁለት ቁልፍ አለው። አንዱ ኪሷ ውስጥ ነው። ሌላው፣ ለዕረፍት ስትሄድ ድመቷን የሚያበላላት ሰው ዘንድ ነው። ያም ሰው ሮይ ነው። ስልኳን ይዛ ግቢው ውስጥ ሁለት ጊዜ ዞረች። ከሮይ እርዳታ ከምትጠይቅ መኪናዋን ገፍታ ወደ ቤት ብትወስዳት ይቀላት ነበር። እሁድን አሰበችና ደወለች።

"ሮይ፣ እኔ ነኝ።"

"ወደቀች?" አለ ሮይ፣ ሰላም እንኳ ሳይል።

"አልወደቀችም። ገና ነው።"

"ታዲያ ፎቶ ኮፒዋ ምን ሆና ነው በጠዋቱ የምትደውዪው?"

"የጋራዤ ቁልፍ አንተ ጋ አለ። መደርደሪያው ላይ ሰማያዊ የብስኩት ቆርቆሮ ታገኛለህ። ውስጡ አራት ዳዶ አለ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል እዚህ ካልደረሰ አልቆልኛል።"

"ረስተሽው ነው?"

"ረስቼው ነው።"

ሮይ ታናሽ እህቱ ረሳሁ ስትል ሰምቶ አያውቅም። ያሾፋል ብላ ጠበቀች፤ አላሾፈም።

"የዘወትሩን መኪና ዶሪን ይዛው ሄዳለች፤ እህቷ ጋ ናት። እስከ ማታ አትመለስም።" ዶሪን ሚስቱ ናት።

"ታክሲ ያዝ። እከፍላለሁ።"

"በዚህ ዝናብ አርባ ማይል የሚሄድልኝን ታክሲ የት አገኛለሁ? ባለ ታክሲ አንዱ አሮን ነው ያለው፣ እሱም ዛሬ ሆስፒታል ሰው ያመላልሳል።"

"የአባባ መኪና አለች።"

ከወዲያኛው ጫፍ የግድግዳ ሰዓት ሲቆጥር ይሰማ ነበር።

"ግሌንዳ፣ ዝናብ እኮ ነው።"

"አውቃለሁ። እኔም በዝናብ ነው የመጣሁት።"

"ያቺ መኪና አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ዝናብ ነክቷት አያውቅም። ሥሯ ይዝጋል።"

"አባባ በበረዶ ነበር የሚነዳት፤ እኔን ከጎኑ አስቀምጦ።"

ስልኩ ተዘጋ። እሺ ይሁን እምቢ፣ ግሌንዳ አላወቀችም።

ፌርክላፍ ሥራውን ቀጠለ። የፍሬኑ ምርመራ አለፈ። የፍጥነት መለኪያው አለፈ። ለድምፁ ማሽኑን ከማርሜታው አጠገብ ተክሎ ነዳጅ እንድትሰጥ አዘዛት፤ ትንሿ ሞተር ስትጮህ ሦስት ሌሎች ሠራተኞች ከቢሮ ወጥተው ቆሙ። ከተፈቀደው ሁለት ነጥብ ዝቅ ብሎ ወጣ። አንደኛው ሠራተኛ አውራ ጣቱን አሳያት። ሌላ ቀን ቢሆን ግሌንዳ ትዘል ነበር። ዛሬ ግን እያንዳንዱ ያለፈችው ነገር ያበሳጫት ጀመር፤ ፍሬኗ እንከን የለው፣ ድምፅዋ እንከን የለው፣ በአራት ዳዶ ልትወድቅ ነው። ስድስት ሰዓት ላይ ለሮይ ደወለች፤ ስልኩ ዝግ ነው። ሰባት ሰዓት ላይ ደወለች፤ ዝግ ነው። ስምንት ሰዓት ላይ ከፔርሙዟ የቀዘቀዘ ሻይ ቀዳችና ሳትጠጣው ደፋችው። ወንድሟ እቤቱ ቁጭ ብሎ መስኮቱን እያየ መሰላት። ተናደደችበት፤ ከዚያ በራሷ ተናደደች፤ የማን ሞኝነት ነውና።

ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ ፌርክላፍ ከቢሮው ወጣ።

"ወይዘሮ ሳግደን፣ ልጽፍ ነው።"

"አሥራ አምስት ደቂቃ ይቀረዋል።"

"ይቀረዋል" አለና ሰዓቱን አየ። እስክሪብቶውን ግን ወደ ኪሱ መለሰው።

ድምፁን መጀመሪያ የሰማችው ግሌንዳ ናት። አንዱ ሲሊንደር አይሠራም፤ ሞተሩ እያነከሰ፣ እያስነጠሰ ነው የሚመጣው። ቀጥሎ ከመንገዱ መታጠፊያ ሁለት የፈጠጡ መብራቶች ብቅ አሉ። ቀይዋ እንቁራሪት እስከ ፓራብሬዛዋ ጭቃ ለብሳ፣ ከኮፋኖዋ እንፋሎት እየወጣ በሩን ገባች። መሪው ላይ ሮይ ሳግደን ነበር፤ ስልሳ ዘጠኝ ዓመቱ፣ የክለቡ ሊቀመንበር፣ እንደ ረጠበች ዶሮ ፀጉሩ ጭንቅላቱ ላይ የተለጠፈ። ጭኖቹ መሃል የብስኩት ቆርቆሮ አጣብቋል። ግቢው መሃል ላይ ስትደርስ መኪናዋ አንዴ አስነጠሰችና ሞተሯ ጠፋ።

"ኮረብታው ላይ ቀጥ አለች" አለ ሮይ ጥርሱ እየተንገጫገጨ። "ሁለት ሰዓት ቆምኩ። ስልኩ ውሃ ገባው። አንድ ፖስተኛ ገፋኝ። አምልጦኛል?"

"አላመለጠህም። አምጣው።"

ግሌንዳ የመዳብ መዶሻዋን ይዛ ጎማዋ ሥር ተንበረከከች፤ ጉልበቷን አላስታወሰችውም። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ምት፤ ባለ ጆሮው ወለቀ፣ አስቀያሚው ገባ። ሮይ አጠገቧ ቆሞ የወለቀውን ይቀበላት፣ የሚገባውን ያቀብላት ጀመር። የትኛው ለግራ፣ የትኛው ለቀኝ እንደሆነ አያውቅም፤ ሁለት ጊዜ የተሳሳተውን ሰጣት።

"ይሄ የግራ ነው፣ ሮይ።"

"በምን ይታወቃል?"

"ተጽፎበታል። መነጽርህን አድርግ።"

ፌርክላፍ ሲጠብቃቸው ሥራ መፍታት አልሆነለትም መሰል፣ ኳሷን ይዞ ወደ ሮይ መኪና ሄደ። ዳዶዎቹን ነካ አደረገ። ስፖኪዮዋን፣ የመሪውን መሃል፣ የዳሽቦርዱን ቁልፎች ነካካ። ቆጥሮ ሲጨርስ ወደ እነሱ ዞረ።

"ይቺ ዘጠኝ ቦታ ላይ ትወድቃለች።"

ሮይ ቀና አለ። "ይቺ እውነተኛዋ ናት እኮ፣ ጌታዬ።"

"ለዚህ ነው የምትወድቀው" አለ ፌርክላፍ፣ ድምፁን ሳይቀይር።

ግሌንዳ መዶሻዋን እንደያዘች መሬት ላይ ቁጭ አለችና ሳቀች። እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ሮይ መጀመሪያ ፊቱ ጠቆረ፤ እህቱን አየ፣ በጭቃ የተለወሰውን ሱሪውን አየ፣ ከዚያ እሱም ሳቁ አመለጠው። ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ስምንት ላይ ፌርክላፍ አራቱን ጎማ በኳሷ ዞረ። ወረቀቱን ኮፋኖው ላይ አድርጎ ጻፈ፣ ፈረመ፣ ሰጣት።

"አልፈዋል፣ ወይዘሮ ሳግደን። ከዚህ በር ከወጡ በኋላ የትኛውን ዳዶ እንደሚያስሩ እኔ አላየሁም።" እጁን ዘረጋ፤ ጨበጠችው። እጇ ግራሶ ነበር፤ ቅር አላለውም።

ወረቀቱን ሁለቴ አነበበችው። ስሟ በትልቁ ተጽፏል። ልቧ በደስታ ሞላ፤ እናቷ በሕይወት ብትኖር ደውላ ትነግራት ነበር።

የሮይ መኪና ግን አልነሳ አለች። ቁልፉን ባዞረው ቁጥር ታቃስታለች እንጂ አትይዝም።

"ጎታች መኪና ልጥራ" አለ።

"ኮፋኖውን ክፈት።"

ከፈተ። ግሌንዳ ጎንበስ አለች። ሽታው የታወቀ ነው፤ የሞቀ ዘይት፣ የረጠበ ጎማ። አባቷ ከጎኗ የቆመ መሰላት፤ ናፈቃት። ለካንዴላዎቹ እሳት የሚያከፋፍለውን የዲስትሪቢውተሩን ክዳን ፈትታ ውስጡን በመሐረቧ አደረቀችው፣ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ጠረገች፣ አንዷን ካንዴላ አውጥታ እፍ አለችባትና መለሰቻት።

"አሁን ሞክራት።"

በመጀመሪያው ተነሳች። ሮይ መሪውን እንደያዘ የሞተሩን ድምፅ አዳመጠ።

"መቼ ነው ይህን የተማርሽው?"

"አንተ ኳስ ስትጫወት።"

ራሱን ነቀነቀ። "ኮረብታው ላይ ኩርባው ጋ ኋላዋ ተንሸራተተ" አለ። "የምሞት መስሎኝ ነበር። ከዚያ ያዘች። ጮክ ብዬ ሳቅሁ፣ ግሌንዳ፣ ብቻዬን። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አስቀመጥኳት እንጂ ነድቻትም አላውቅ።" እጁን ከመሪው አነሳና "ላንቺ ነበር የምትገባው" አለ።

ይህን ቃል ከአባቷ ቀብር ማግስት ጀምሮ ስትጠብቀው ኖራለች። ቢነግራት ምን እንደምትመልስ ስንቴ ተለማምዳለች። አሁን ሲመጣ ግን ቂሟን ብትፈልገው አጣችው።

"ያዛት" አለች። "እኔ አለችኝ።"

ሮይ ከደረት ኪሱ በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት አወጣ። የእሁዱ ትርዒት መመዝገቢያ ቅጽ ነው።

"ምዝገባው ባለፈው ዓርብ ተዘግቷል። ያንቺን ያን ጊዜ ሞልቼ አስቀምጬዋለሁ፤ የቀረው ፊርማሽ ብቻ ነው።"

"ባለፈው ዓርብ? እንደማልፍ በምን አወቅህ?"

"ባላውቅ እሞላው ነበር?" አለ ሮይ ዓይኑን ሰበር አድርጎ።

ወረቀቱን ዘርግታ አነበበችው። በወንድሟ ንጹሕ የእጅ ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦ የተሠራችበት ዓመት፣ 1959። ዓይነት፣ እውነተኛ። ቦታ፣ ሳሩ ላይ፣ ከፊት ረድፍ ቁጥር ሁለት። ቁጥር አንድ የራሱ የሮይ ነው። ይህ ደንብ አክባሪ ሰው፣ ራሱ ባጸደቀው ደንብ ላይ ለእሷ ብሎ ዋሽቷል። 

"ማንም አይለያቸውም" አለ ሮይ። "ባለ ጆሮዎቹን ብቻ እሰሪባት።"

"እስክሪብቶ አለህ?"

ሰጣት። ወረቀቱን በመኪናዋ ኮፋኖ ላይ፣ በሁለቱ የፈጠጡ መብራቶች መሃል ዘረጋችው። 1959 የሚለውን በአንድ መስመር ሰረዘችና የዘንድሮውን ዓመት ጻፈች።

"ግሌንዳ፣ እኔ እኮ ሊቀመንበር ነኝ። ግልባጭ ካልሽ ከመጸዳጃ ቤቱ ጀርባ ነው የሚያቆሙሽ። ደንቡን በሁለት ቀን ልቀይረው አልችልም።"

"ይገባኛል። ለከርሞ ትቀይረዋለህ።"

እውነተኛ የሚለውን ሰርዛ ግልባጭ ብላ ጻፈች። ሠሪ የሚለው ቦታ ላይ ሮይ የፋብሪካውን ስም ሞልቶት ነበር። እሱንም ሰረዘችው፤ ከላዩ ባለው ጠባብ ክፍተት ዝናቡ እንዳያበላሸው በግራ እጇ ከልላ፣ ፊደሉን አንድ በአንድ እየለቀመች፣ ግሌንዳ ሳግደን ብላ ጻፈችበት።